መኪና የማይቆምበት ፎቅ

«ይህ ሱቅ ቢፈርስ እርስዎ የት ይሄዳሉ?»

ሰውየው ይህን ሲጠይቃት ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ አቀርቅሮ እየለካ ነበር። ሥራው ሆኖበት ጠየቀ እንጂ መልስ የፈለገ አይመስልም። የፍቅርተማርያም መርፌ ግን በጥቁሩ ከፋይ ላይ የወርቅ ክር እያስኬደች ባለችበት ቆመች። የት ትሄዳለች? ከአምባ ጊዮርጊስ ከወጣች ወዲህ የኔ የምትለው ቦታ ቢኖር ከዚህ ቅስት ሥር ያለው ጠባብ ሱቅ ብቻ ነው። የካህናት ካባ የምትሰፋው፣ የመቅደስ መጋረጃ የምትዘመዝመው፣ ልጇን ዝማሬን ያሳደገችው እዚሁ ነው።

ሰውየው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። አይቶም ዓይኑን አልመለሰም። ሜትሩ ከእጁ አምልጦ እየተንሿሿ ተጠቀለለ።

«ልኩ ጠፋብኝ» አለ አፍሮ። ከስፌት መኪናዋ እግር ጀምሮ እንደገና ለካ።

ህሩይ ማለት ይህ ነው። የመሪጌታ ልጅ፣ ሕንፃ ነዳፊ። አባቱን በጎንደር ደብሮች የማያውቅ ካህን አልነበረም፤ እናቱ እማሆይ ለተ ማርያምም የባላቸውን ክብር ከሞቱም በኋላ እንደ ጥላ ዘርግተው ይዘው የሚሄዱ ሴት ናቸው። የሚለካው ቤት ደግሞ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ጣሊያን የሠራው ባለ ሦስት ቅስት ቤት ነው። በግራው ቅስት አልማዝ ሻይና ቦምቦሊኖ ትሸጣለች፤ በቀኙ የተዘጋ ፎቶ ቤት አለ፤ መሀሉ የፍቅርተ ነው። ከማክሰኝት በእህል ንግድ የተነሡት አቶ ክንዱ ቤት ፈላጊዎችን በማኅበር አደራጅተው በዚህ ቤት አናት ላይ ሰባት ፎቅ አፓርታማ ሊያቆሙ ተነሥተዋል። አሮጌው ቤት ቅርስ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይፈርስም፤ አዲሱ ዓምዶቹን ከጓሮ ተክሎ ከበላዩ ይቆማል። ይህን የሚነድፈው ህሩይ ነው።

ከልኬቱ በኋላ ህሩይ የአባቱን ካባ ይዞ መጣ። ዘርፉ ተተርትሯል፤ አንገቱ ላይ ያለው ወርቅም ረግፏል። «የሚቸኩል አይደለም» አላት። ያልቸኮለ ካባ ግን በየሁለት ቀኑ ጠያቂ አለው። እሱ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ እሷ ትሰፋለች። ስለ አባቱ ድምፅ ያወራታል። እሷ በአገሯ በወገራ ስላለው ጉም፣ ወንድ ተከትላ መተማ ወርዳ ከሕፃን ጋር ብቻዋን ስለ ተመለሰችበት መንገድ ታወራዋለች። ይህን ለማንም አውርታው አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ በጠመኔ የተጻፉ ፊደሎች አየ። በየምሽቱ ከጎልማሶች ጋር የምትማረውን ቀን ቀን የምትለማመድበት ነው። በእጇ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዘ።

«ተይው። ሸጋ ነው።»

ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ቀረ። ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ወረቀት ትቶላት ይሄዳል። ፊደሎቹ ትልልቅ፣ የተራራቁ፣ ሕፃን እንኳ የሚያነባቸው ናቸው። «ደ ኅ ና ዋ ይ።» «ነ ገ እ መ ጣ ለ ሁ።» ፍቅርተ በጣቷ እየተከተለች ታነባቸዋለች፤ ከዚያ በክር ሣጥኗ ውስጥ ከወርቁ ክር ሥር ትከታቸዋለች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት፣ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ የተቃረበች ልጅ ያላት እናት፣ ሣጥኑን ስትዘጋ ፊቷ እንደ እሳት ይነድ ነበር።

*

ፀደይ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የአቶ ክንዱ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ በምህንድስና ተመርቃለች። የፎቁን ዓምድና ብረት የምታሰላው እሷ ናት ተባለ። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ነጭ መኪና አላት።

ያ ነጭ መኪና ከመሀለኛው ቅስት ፊት ለፊት ካልሆነ ሌላ ማረፊያ አያውቅም። በመጣ ቁጥር የሱቁ ብርሃን ይወድቃል። ፍቅርተ የወርቅ ክር በጨለማ ማስኬድ አትችልም፤ መርፌዋን ሰክታ ትቀመጣለች። ከውጭ ደግሞ የፀደይና የህሩይ ድምፅ ይሰማታል። ፕላኑን በመኪናው ላይ ዘርግተው ጎን ለጎን አቀርቅረው ያወራሉ።

«አንቺ ፍቅርተ!» ትላታለች አልማዝ ከሻይ ቤቷ አንገቷን አስግጋ። «ዛሬም ፀሐይሽን ሰውራ ያዘችብሽ?»

«መንገዱ የመንግሥት ነው። ታቁም።»

«ማኪናዋን ማለቴ አይደለም እኮ።» አልማዝ ትስቃለች። «ፀሐይሽን ነው ያልሁሽ።»

«ምነው አፍሽ እንዲህ ስል ሆነ?»

«ቦምቦሊኖ ስጠብስ እየዋልሁ ምን ልሥራ? አያለሁ።»

ፍቅርተ እየሳቀች ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ሳቁ የለም። ምን አላት ፀደይ? ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ ጥያቄው እንዳያልቅባት ከጫማዋ ትጀምራለች። ጫማዋ፣ ትምህርቷ፣ አባቷ፣ ፈት አለመሆኗ፣ ልጅ አለመያዟ። እማሆይ ለተ ማርያም «የመሪጌታ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚውለው?» ቢባሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚጠሩት ስም የማን ነው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከሁሉም የከፋ ነገር አየች። ህሩይ በፕላኑ ጠርዝ ላይ ለፀደይ አንድ ነገር ጻፈላት። እርሳሱ እንደ ዝናብ ሮጠ። ፀደይ ገና ጽፎ ሳይጨርስ አነበበችው፤ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ እርሳሱን ቀማችውና ከሥሩ መለሰችለት። እሱም ሳቀ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ በወረቀት ብቻ ተጨዋወቱ።

መኪናው ሲሄድ ፍቅርተ ወጣች። ህሩይ ፕላኑን ሲጠቀልል ከትከሻው በላይ ጽሑፉን አየችው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የተያያዘ፣ የሚሮጥ። አንድ ፊደል እንኳ መለየት አልቻለችም።

«ምን ይላል?» አለች።

«የብረት ነገር ነው» አለ ህሩይ። «የሚያሰለች።»

የሚያሰለች ነገር እንዲህ ያስቃል? አላለችውም። ያን ዕለት የተወላትን ወረቀት ስታነብ ትልልቆቹ ፊደሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧን አላሞቁትም። ለእኔ የሕፃን ፊደል፣ አለች በልቧ፤ ለእሷ ደግሞ እንደ ልቡ የሚሮጥበት። ቀስ ብሎ የሚራመደው ከእኔ ጋር ሲሆን ነው፤ ሰው ከአንካሳ ጋር ሲሄድ እንደሚራመደው።

*

አቶ ክንዱ ለደብራቸው የተሳሉትን የመቅደስ መጋረጃ ያሰፉት ፍቅርተ ዘንድ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በነጠላ ጠቅልላ እቤታቸው ልታደርስ ወጣች። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እጁን አነሣ።

«ትንሽ ቆዪ እህቴ። ሽማግሌ ገብቷል።»

በበሩ ክፍተት አየች። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው በግቢው መሀል ቆመዋል። ከፊታቸው ወንበር ተደርድሯል፤ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ፍቅርተ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እሷም ልጃገረድ ሳለች፣ በአባቷ ግቢ በአምባ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁ ቆመው ነበር፤ እሷ ከጓዳ በግድግዳው ቀዳዳ አይታቸዋለች። ከዚያ በኋላ ተድራ መተማ ወረደች።

ከፊት የቆሙትንም አወቀቻቸው። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የህሩይ አጎት።

እግሯ ከድንጋዩ ጋር የተሰፋ መሰላት።

አቶ ክንዱ ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ተክለ ጊዮርጊስ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁ፤ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ፀደይ ከቤት ወጣች። ሱሪ አይደለም የለበሰችው፤ ጥበብ ያለው ነጭ ቀሚስ ነው። ጎንበስ ብላ የአያ ተክለ ጊዮርጊስን ጉልበት ሳመች። እሳቸውም አገጯን ይዘው እንደ ልጃቸው ግንባሯን ሳሟት።

«ለምንድን ነው የመጡት?» አለች ፍቅርተ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

ዘበኛው ሳቀ። «ሽማግሌ ለምን ይመጣል? ልጅ ያለው ሰው ቤት ነው።»

ቀሪውን መስማት አላስፈለጋትም። መጋረጃውን ለዘበኛው አስረክባ ተመለሰች። መንገድ ላይ የሚያውቃት ሰው ሰላም ብሏት ነበር፤ መመለሷን አታስታውስም። ህሩይ በማግስቱ ሲመጣ አሞኛል ብላ ሱቁን ዘጋች። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ሥር የተወላትን ወረቀት ሳታነብ ሣጥኑ ውስጥ ወረወረችው። ሕመሙ ደረቷ ላይ ነበረና አልዋሸችም።

*

ስብሰባው የተጠራው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቤቱ ጓሮ፣ በድንኳን ሥር ነው። የማኅበሩ አባላት ነበሩ፤ ተከራዮችም አስተያየት ካላችሁ ኑ ተብለው ተጠርተዋል። አቶ ክንዱ መሀል ተቀምጠዋል፤ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ከጎናቸው። ፀደይ በስተቀኝ። ህሩይ ፕላኑን ሰቅሎ ቆመ። ዓይኑ በሕዝቡ መሀል ፍቅርተን ፈለገ፤ አገኛት። ፈገግ አለ። እሷ ወደ ጫማዋ አየች።

«ፎቁ ሰባት ነው» አለ ህሩይ። «አሮጌው ቤት እንዳለ ይቆያል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የመኪና ማቆሚያ አይኖረውም።»

ድንኳኑ ተንጫጫ።

«ታዲያ ማኪናችንን ትራስ ሥር ልንከተው ነው?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ፒያሳ አጠገብ ነን» አለ ህሩይ። «ገበያው፣ ታክሲው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ነው። ማቆሚያ ይሠራ ከተባለ ምድር ቤት መቆፈር አለበት፤ መውረጃውም የቤቱን ፊት ያበላሸዋል። ይህ ቤት ደግሞ አንዴ ከተነካ አይመለስም።»

ሕዝቡ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ክንዱ ጢማቸውን እየዳሰሱ ዙሪያውን አዩ።

«እንግዲህ ያስቸገረው ሰው ከሌለ» አሉ። «ከቤቱ ሰዎች ቅር ያለው አለ?»

ፍቅርተ በሕይወቷ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። ፀደይ ጎንበስ ብላ ለህሩይ አንድ ነገር ሹክ ባትለው ኖሮ አሁንም አትናገርም ነበር። ህሩይ ጆሮውን ሰጣት። ፍቅርተ ሳታስበው ቆመች።

«እኔ ቅር ብሎኛል» አለች።

ህሩይ ቀና አለ። ደስ ያለው መሰለ፤ ደግፋ የምትናገር መሰለው።

«እኔ በዓይኔ የምተዳደር ሴት ነኝ። የወርቅ ክር በጨለማ አይሰፋም። አሁን አንዲት ነጭ ማኪና አለች።» ወደ ፀደይ አላየችም፤ ሰው ሁሉ ግን አየ። «አንዲት ናት። እሷ ብቻ በራፌ ላይ ቆማ ቀኔን ታጨልመዋለች። ነገ ሰባት ፎቅ ሙሉ ሰው ሲገባ የስንቱ ማኪና ሊቆምብኝ ነው? ባለቤቶቹ ከላይ ሆነው አገር ያያሉ፤ እኛ ከታች ጎማ እናያለን። ማኪና ያለው ማኪናውን የሚያቆምበት ይሥራ። በሰው ብርሃን ላይ አያቁም!»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። «እውነቷን ነው!» አሉ። አልማዝ ሳትቀር እጇን አንሥታ አጨበጨበች። ፍቅርተ ለአንዲት አፍታ ብቻ ደስ አላት፤ እንደ ኮሶ የመረረ፣ እንደ ማር የጣፈጠ ደስታ ነበር። ከዚያ ህሩይን አየችው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። በጨለማ እጁን ዘርግቶ ሰው ያገኘ መስሎት ግድግዳ እንደ ነካ ሰው ቆሟል።

አያ ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ አቶ ክንዱ። «ፀደይ፣ ሁለተኛውን ፕላን አምጪው።»

ፀደይ ሌላ ወረቀት ሰቀለች። መኪናዎች ከመንገድ ገብተው ወደ ምድር ቤት የሚወርዱበት ጥቁር አፍ ተሥሏል። ዳርና ዳር ያሉት ቅስቶች ሸክም ስላለባቸው አይነኩም፤ የሚከፈተው መሀለኛው ነው አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

እጅ ወጣ። ተቆጠረ። ጸደቀ።

ፍቅርተ ገና እንደ ቆመች ነበር። ማንም ቁጭ በይ አላላትም።

*

በማግስቱ ጠዋት የሱቁ ብርሃን አልወደቀም። ፀደይ በእግሯ ነበር የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች።

«ልግባ?»

«ምን ቀረሽ?» አለች ፍቅርተ። «ሱቁ ያንቺ ነው። ሰውየውም ያንቺ ነው። በሠርጋችሁ ቀን ካባ የሚሰፋ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ፈልጉ።»

ፀደይ ግራ ገብቷት አየቻት። «የምን ሠርግ?»

«እኔ ገጠሬ ብሆን ሽማግሌ አላውቅም? አባትሽ ግቢ ቆመው አላየሁም? ጉልበታቸውን ስትስሚ አላየሁም?»

ፀደይ በርጩማው ላይ፣ ህሩይ በሚቀመጥበት ላይ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አያ ተክለ ጊዮርጊስ የክርስትና አባቴ ናቸው» አለች። «ከተወለድሁ ጀምሮ ጉልበታቸውን እስማለሁ። የመጡትም ለእኔ አይደለም። አባቴ ከመጀመሪያ ጀምሮ ማቆሚያ ይኑር ያለ ነው፤ ህሩይ እምቢ ብሎት ሊያባርረው ነበር። ሽማግሌዎቹ የመጡት መሀለኛው ቅስት እንዳይፈርስ ሊለምኑት ነው። አባቴ በስንት ልመና ‹የቤቱ ሰዎች ቅር ካላላቸው እሺ፤ አንድ ሰው ቅር ካለው ግን ቃሌ የለም› አላቸው። ማንም ቅር አይለውም ብለን ነበር።»

ፍቅርተ ጠረጴዛውን ያዘች።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች ፀደይ፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ። «ማቆሚያ ይኑር ካሉት አንዷ እኔ ነበርሁ። ምክንያቱን ታውቂያለሽ? ያ ሰው ሰባት ፎቅ ሲነድፍ የሚጀምረው ከስፌት መኪናሽ እግር ነው። ዓምዱን ወደዚህ ላምጣው ስለው ‹ብርሃኗን ይከልላታል›። ወደዚያ ልውሰደው ስለው ‹በሯን ያጠባል›። ስምሽን አይጠራም፤ ‹እሷ› ነው የሚልሽ። ስሥቅ ታይኝ ነበር? የምሥቀው እንዳላለቅስ ነው። አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ይህን የእንጨት በርጩማ እንኳ እቀናበታለሁ።»

ተነሥታ ሄደች። ፍቅርተ ለዚያች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችላት፤ ሐዘኑ ግን ለራሷ ቦታ አልተወላትም።

*

ህሩይን ጓሮ አገኘችው። ዓምዶቹ የሚቆሙበትን ቦታ ያመለከተባቸውን ካስማዎች እየነቀለ፣ ሲባጎውን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር።

«ህሩይ።»

ቀና አላለም።

«ሽማግሌዎቹን አይቻቸው ነበር።» ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ለማን መሰለሽ?»

ከካስማዎቹ አንዱን አንሥታ አፈሩን በጣቷ ጠረገች።

«ንገሪኝ። ለማን መሰለሽ?»

«ለፀደይ።»

ሲባጎው ከእጁ ወደቀ። «እናቴን ለአንቺ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ከነገርኋት ጀምሮ ምግብ አብራኝ አትቀርብም» አለ። «አያ ተክሌን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው። ‹መጀመሪያ ቤቷን እናድንላት፤ ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ውስጥ ያለች ሴት አትጠየቅም፤ ጨንቋት እሺ ትላለች› አሉኝ። ልክ ናቸው አልሁ። ስብሰባው ሲያልቅ አምባ ጊዮርጊስ፣ አባትሽ ግቢ ሊወጡ ነበር።»

ፍቅርተ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በአባቷ ግቢ ነጭ ጋቢ ለብሰው የሚቆሙ ሦስት ሰዎች ታዩዋት፤ ያሁኖቹን ከጓዳ ቀዳዳ ሳይሆን በሩ ላይ ቆማ የምታያቸው።

«አንዲት ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ አንዲት ቃል ብትነግረኝ?» አለች፤ ለቅሶዋ ወደ ቁጣ ዞሮ። «ምን አውቄ ልጠይቅህ? ለእኔ የሕፃን ፊደል ትጽፍልኛለህ። ለእሷ የማላነበውን ትጽፍላታለህ፤ ታስቃታለህ። ምን ይላል ስልህ የብረት ነገር ትለኛለህ። እኔ ከአንተ ጋር ስሆን ሁልጊዜ በር ላይ ነኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ገብቶ ይጫወታል፤ እኔ በቀዳዳ አያለሁ!»

ህሩይ የወደቀውን ሲባጎ አነሣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ለሰው ሁሉ በሩጫ ነው የምጽፈው። ወረቀቱን ሳልጨርስ የጻፍሁለትን ሰው እረሳዋለሁ። ላንቺ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። ፊደሉን አንድ በአንድ ስጥል እያንዳንዱ ላይ አንቺን አስባለሁ። በሕይወቴ ለማንም እንደዚያ ዘግይቼ ጽፌ አላውቅም።»

እርግብ ከአሮጌው ቤት ጣራ ተነሥታ በላያቸው አለፈች።

«በዚያ ፕላን ላይ ስሜን አላኖርም» አለ። «ያንን ቅስት የሚያፈርስ መስመር በእጄ አላሠምርም። አቶ ክንዱም ከዚህ በኋላ በጎንደር ሥራ አይተዉልኝም። ደብረ ማርቆስ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ።» ቀና ብሎ አያት፤ መጀመሪያ ቀን እንዳያት። «አሁንስ የት ትሄጃለሽ?»

መጠየቁ እንዳልሆነ አወቀች። እጁን መዘርጋቱ ነው። አብረሽኝ ነይ ማለቱ ነው።

የመተማ መንገድ ፊቷ ላይ ተዘረጋ። አቧራው፣ የጭነት መኪናው፣ በጀርባዋ የምታለቅስ ሕፃን። ወንድ ተከትላ አንድ ጊዜ ወጥታለች። ዝማሬ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ ልጅቷ ሌሊት እንኳ ትምህርት ቤቱን እያለመች ትስቃለች። ከዚህ ነቅላት ወዴት? ደግሞስ ያን ያህል በድላው፣ አሁን ተከተለችው ልትባል?

«የትም አልሄድም» አለች።

አትሂድ ማለቷ ነበር። አፏ ግን ያወጣው ያንን ነው።

*

ካባውን ሊወስድ እንደሚመጣ ላከባት። ሥራው አልቆ ነበር፤ የአንገቱ ወርቅ እንደ አዲስ ያበራል። ፍቅርተ ከጠዋት ጀምራ ሱቁን ጠርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችው። ምን እንደምትለው ታውቃለች፤ አፏ እንደሚከዳትም ታውቃለች። ስለዚህ ጠመኔዋን አነሣች።

በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በትልልቁ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። እሱ ለእሷ እንደሚጽፈው፤ እያንዳንዱ ላይ እያሰበችው።

አ ት ሂ ድ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያስጽፋት የጻፈችው ቃል ነው። አንድም አልተሳሳተችም። አጎንብሳ አየችው።

እግሩ በረንዳው ላይ ሲሰማ ድፍረቷ ከዳት። ብዙ ዓመት ራሷን ችላ የኖረች ሴት ልመናዋን በነጭ ጠመኔ ጽፋ ማሳየት እንደ መራቆት መሰላት። ካባውን ብድግ አድርጋ ቃሉ ላይ ዘረጋችው።

ህሩይ ገባ። በዓይኑ ብቻ ሱቁን ለካው።

«ሸጋ አድርገሽ ሠርተሽዋል» አለ። እጁን ዘርፉ ላይ አሳለፈ። «አባቴ ቢያየው ይወደው ነበር።»

«ገበሩንም ቀይሬዋለሁ» አለች።

«ዝማሬን ሳሚልኝ።»

«እሺ።»

ቆመ። ጠበቀ። ከውጭ አልማዝ ከደንበኛ ጋር ስትቀልድ ይሰማ ነበር። ህሩይ ካባውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ወደ ውስጥ አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው፤ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ።

ፍቅርተ ጠረጴዛውን አየች። ቃሉ የለም። ነጭ ብናኝ ብቻ ቀርቷል። ቀሪው በጥቁሩ ገበር ላይ ታትሞ ከእሱ ጋር ሄዷል፤ የሚነበብ ይሁን፣ እንደ አቧራ ተራግፎ የሚጠፋ ይሁን አላወቀችም። ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። እንጨቱ የጠመኔና የከፋይ ሽታ ነበረው።

ሰኞ ማለዳ ህሩይ በባሕር ዳሩ መንገድ፣ በአዘዞና በጠዳ በኩል ወጣ። መሀለኛው ቅስት ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ፎቁ ቆመ፤ ፀደይ ከላይኛው ደርብ በአንዱ ቤት ገባች፣ ነጭ መኪናዋም የስፌት መኪናው እግር በነበረበት ላይ አልፋ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። ፍቅርተ በአልማዝ ሻይ ቤት ጥግ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን ያለው ቦታ አገኘች። ዝማሬ ፈተናዋን አለፈች።

የት ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ሄደ። የተጠየቀችው ቀረች።